ታክሲ ውስጥ የጮኸው ልጅ «ባለጌ» አይደለም

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። ቀትር ላይ ነው። ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ሙዚቃው ጣሪያ ነክቷል፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ይጨምራል። ያው እንደምታውቁት ነው።

ከኋላችን ሰባት ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል። መጀመሪያ ሁለት ጆሮውን በእጆቹ ያዘ። ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ ጀመረ። ጦር ኃይሎች አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን ሲያቀልጠው ልጁ ጮኸ። የለመድነው ዓይነት የልጅ ለቅሶ አልነበረም። ራሱን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ያጋጭ ነበር።

«ኧረ ልጅሽን ያዢ!» አለ አንዱ። ሌላው «የዘመኑ ልጅ፣ ዱላ አያውቅ!» ብሎ ጨመረ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «የኔ ልጅ፣ ጠበል አልወሰድሽውም?» አሉ፤ በክፋት አይደለም፣ አዝነው ነው። ፊት ወንበር ላይ የነበረ የኛ ዕድሜ እኩያ ልጅ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ የኛም ስልክ እጃችን ላይ ነበር። የዜና ገጽ ነው የምንሠራው፤ የሆነ ነገር ሲፈጠር እጃችን ከጭንቅላታችን ቀድሞ ካሜራው ላይ ያርፋል። አልቀረጽንም። ግን ያልቀረጽነው ጨዋ ስለሆንን ነው ብለን አንዋሻችሁም፤ ያኛው ልጅ ሲቀርጽ ስናየው ነው ምን እንደሚመስል የገባን።

እናትየዋ ነጠላዋን አውልቃ ልጁ ራስ ላይ ጣል አደረገችና ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። ከዚያ «ሹፌር፣ በናትህ ሙዚቃውን ቀንስልኝ» አለች። ቀነሰላት። አምስት ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ልጁ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

አየር ጤና ስንወርድ ይቅርታ ጠይቀን አናገርናት። ስሟንም የልጇንም ስም ላንጽፍ ተስማምተን ነው ይህን የምናካፍላችሁ። መጀመሪያ የጠየቅናት ስለ ነጠላው ነበር፤ ልጇን ከሰው ዓይን የደበቀችው መስሎን ነበርና።

«እንዳያዩት አይደለም» አለችን። «ብርሃኑ እንዳይበዛበት ነው።»

ልጇ ኦቲዝም አለበት።

ታክሲው ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ከራሳችን ብንጀምር ይሻላል። እኛ ሚኒባስ ውስጥ ስንቀመጥ ጭንቅላታችን ሳናዝዘው ብዙ ነገር ይጥልልናል። የሞተሩን ድምጽ፣ የናፍጣውን ሽታ፣ አንገታችንን የሚፍቀንን የልብስ ምልክት፣ የጎረቤታችንን ክርን ቀስ በቀስ እንረሳቸዋለን። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ማጣሪያ እንደኛ አይሠራም። ሁሉም ነገር እኩል ጮክ ብሎ ይገባል። ስልካችሁ ላይ ሃያ ነገር ከፍታችሁ ሲግልና ስታክ ሲያደርግ አስቡት። ስልኩ እያመጸባችሁ አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው። የልጁም ጩኸት እንደዚያ ነው።

ከተራ ማልቀስ በምን ይለያል ብትሉ፣ ከረሜላ ፈልጎ የሚያለቅስ ልጅ በጎን እናቱን ያያል። እያየችኝ ነው? ልትገዛልኝ ነው? ይላል። ከረሜላው ሲመጣ ለቅሶው ያቆማል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ግን ማንንም አያይም፣ የሚደራደርበት ነገርም የለውም። ስለዚህ ቁጣም ሆነ ዱላ ቀድሞ በሞላ ነገር ላይ ሌላ መጨመር ነው። የሚረዳው መቀነስ ነው፤ ድምጹን፣ ብርሃኑን፣ የሚያፈጥበትን ሰው ብዛት።

ኦቲዝም ራሱ ምንድነው? ከልጅነት የሚጀምር የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ሰው ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ ይነካል፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግን፣ የለመዱት ነገር ሲቀየር መጨነቅን፣ ለድምጽ ለብርሃን ለንክኪ ከሌላው የተለየ ስሜት መኖርን ያመጣል። «ስፔክትረም» የሚባለው ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ ነው። ዕድሜ ልኩን አንድ ቃል የማይናገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይዞ ነገር ግን ቢሮ ውስጥ «ግግም ያለ ሰው» እየተባለ የሚኖርም አለ። በሽታ ስላልሆነ አይተላለፍም፤ የሚያጠፋው መድኃኒትም የለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ይህንን ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሆነው የአገራችን ሕዝብ ብናሰላው ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ይጠጋል። ስሌቱ የኛ ነው፣ ጥናት አይደለም። ግን እስቲ አስቡት፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ካለ፣ የት ነው ያለው? ስንቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አብዛኛው ቤት ውስጥ ነው ያለው። ይህ ጽሑፍም በዋናነት ስለዚያ ነው።

የእናትየዋ ታሪክ የሚጀምረው ብዙዎቹ እናቶች በሚጀምሩበት ቦታ ነው። ልጇ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን አልፈታም። ጎረቤት «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» አላት። አማቷ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» አሏት። ስሙን ስትጠራው አይዞርም፤ ጆሮው እንዳይሆን ብላ ፈራች፣ ግን ጓዳ ውስጥ የብስኩት ላስቲክ ሲከፈት ሰምቶ ይሮጣል። ሦስት ዓመት ሞላው። ጠበል ሄዱ፣ ብዙ ቆዩ። አራት ዓመት ሞላው። ሐኪም ጋ ሄዳ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የሰማችው አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ጠበል መውሰድ፣ ጸሎት፣ ዱዓ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ማንም እናት ልጇን ይዛ ወደ ፈጣሪ ብትሮጥ አንፈርድባትም። እሷም አልተጸጸተችበትም፣ አሁንም ትሄዳለች። ችግሩ ያ ሲደረግ ሌላው ሁሉ መቆሙ ነው። አንጎል በፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ልጁ በምልክትም በሥዕልም በቃልም መግባባትን እንዲማር መርዳት ቀድሞ ሲጀመር የበለጠ ፍሬ ይኖረዋል። «ይዘገያል» እየተባለ የሚያልፈው ያ ጊዜ ነው።

ታናሽ ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ሕፃን ያላችሁ ይህችን ያዙልን። አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ስሙ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ ይዞራል። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያሳያል፤ አውሮፕላን ሲያይ «እዩልኝ» ብሎ ይጠቁማል። አንድ ዓመት ከአራት ወር አካባቢ የተወሰኑ ቃላት፣ ሁለት ዓመት ላይ ደግሞ «ውኃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ያያይዛል። እነዚህ ከሌሉ፣ በተለይ ደግሞ ያወራ የነበረ ልጅ ማውራቱን ካቆመ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ኦቲዝም ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ለምሳሌ ጆሮው ነው።

ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በየትም አገር ኦቲዝም ተብለው የሚመዘገቡት ወንዶች ይበዛሉ፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሴቶቹ ላይ ስለማይታወቅ ነው። እኛ አገር ሰው ዓይን የማታይ፣ ጥግ ይዛ ብቻዋን የምትጫወት፣ የማታወራ ልጅ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። «ጨዋ።» «ጭምት።» እየተመረቀች ታልፋለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ጥፋተኛው ማነው የሚለው።

ቃሉ ከሕክምናው ዓለም ወጥቶ እንዲታወቅ መንገድ የከፈተው ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነው፤ በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሐኪሞቹ ራሳቸው ጣታቸውን የቀሰሩት ማን ላይ መሰላችሁ? እናት ላይ! ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ እንደ ፍሪጅ ስለቀዘቀዘችበት ነው ተባለ። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለ ሰው በ1967 ይህንኑ የሚል መጽሐፍ አሳተመ፣ ዝነኛም ሆነበት። ስንትና ስንት እናት በዚያ ወሬ ተሰብራለች። ያንን ሐሳብ ቀድሞ በጽሑፍ ከተቃወሙት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነበር፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የራሱም ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። አሁን ጥናቶች የሚያሳዩት ዋናው ድርሻ የዘረመል መሆኑን ነው፤ እናት አቀፈች አላቀፈች የሚያመጣው ነገር አይደለም።

ፈረንጅ አገር በሳይንስ ስም የተደረገው እኛ ጋ በሌላ ስም ይደረጋል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆችን ይዘው ወደ ሆስፒታል የመጡ 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከአሥሩ አራት ያህሉ ምክንያቱ የመንፈስ ነገር ሊሆን ይችላል አሉ። ከሩብ በላዩ ደግሞ የኃጢአት ውጤት ነው ብለው ያስባሉ። በልጄ ሁኔታ አፍራለሁ ያሉት ከአሥሩ ከአራት በላይ ናቸው፤ ሩብ ያህሉ ጭራሽ ከሰው ለመደበቅ ይጥራሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሆስፒታል ድረስ የመጡት ናቸው። ያልመጡት አልተጠየቁም።

ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ግን ከሁሉም በላይ በብዛት የተነሳው ሕክምና አልነበረም፣ ገንዘብም አልነበረም። ከአራቱ ሦስቱ ያሉት «ትምህርት ቤት» ነው።

የኛዋ እናት አማቷ በኋላ ላይ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለዋታል። ስትነግረን እየሳቀች ነው፣ ግን ዓይኗ አልሳቀም። ሁለት ትምህርት ቤት ልጁን ከተቀበሉ በኋላ መልሰውባታል፤ አንዱ ምክንያቱን እንኳን አልደበቀም፣ «ሌሎች ወላጆች ቅሬታ አቀረቡ» ነው ያላት። ሥራዋን ለቀቀች። ስለዚህ በየመንደሩ በር ተዘግቶባቸው፣ አንዳንዴም ታስረው ስለሚውሉ ልጆች ስትሰሙ እናትየዋ አውሬ ናት ብላችሁ አትቸኩሉ። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አደጋ አይታያቸውም፤ በሩ ከተከፈተ አስፋልት ላይ ናቸው። እናት ካልሠራች አይበላም። ልጁን የሚቀበል ትምህርት ቤት የለም፣ የሚይዝላት ሰው የለም። ምን ታድርግ? ማሰር ልክ ነው እያልን አይደለም። ገመዱን ለብቻዋ እንዳልቋጠረችው ነው የምንለው።

ክትባት ነው የሚሉም አሉ። ይህ ወሬ የመጣው በ1998 እንግሊዝ ውስጥ በ12 ልጆች ላይ ብቻ ተሠርቶ ከታተመ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በ2010 ተሰርዟል፣ የጻፈው ሰውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆች ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት የኩፍኝ ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኘም። ኩፍኝ ግን ይገድላል። ስልክስ? ስልክና ዩቲዩብ ኦቲዝም እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ የሚውል ሕፃን ከሰው ጋር የሚያወራበት ጊዜ ስለሚያጣ አፉ ሊዘገይ ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። «ስልክ ሰጥተሽው ነው» የሚለው አባባል ግን እንደ ፍሪጁ ነው፣ ዞሮ ዞሮ እናት ላይ ነው የሚያርፈው።

እዚህ አገር የመጀመሪያውን በር የከፈተችውም እናት ናት። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ልጇ ኦቲዝም ነበረበትና ትምህርት ቤቶች አልይዝላት ሲሉ በ2002 (በኛ 1994/95) በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለት ያኔ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አሁን ላይ ሆኖ መገመት ይከብዳል። በፊደላችን ድምጾች ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም ቀምራለች። በ2021 ከዚህ ዓለም ተለየች። ከሷ በኋላ ነህምያን የመሳሰሉ፣ ወላጆች ያቋቋሟቸው ማዕከላት መጥተዋል። ግን የተቀባዩን ቁጥር ከፈላጊው ጋር አታነጻጽሩት፤ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተስፋ የሰጠን አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ በሌለበት አገር ወላጆችን ማሠልጠን የሚያስችል ፕሮግራም አዘጋጅቷል፤ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፣ አዲስ አበባና ቡታጅራ። ዘጠኝ ጊዜ በቡድን መሰብሰብና ሦስት ጊዜ የቤት ጉብኝት ነው። ውድ መጫወቻ አይጠይቅም። ሐሳቡ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ማስተማሪያ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ልብስ ሲታጠብ ልጁ አንድ በአንድ ያቀብላል፣ ስሙን ይሰማል፣ ተራ ይጠብቃል። ቡና ሲፈላ ስኒ ይደረድራል። የኛዋ እናት ሥልጠናውን አልወሰደችም፤ ግን ልጇ ስኒ በመደርደር ቤት ውስጥ የሚያክለው እንደሌለ ነግራናለች። አንድ ስኒ ከቦታው ከተዛነፈ ተመልሶ ያስተካክላል። ይህንን ስትናገር ነው ፊቷ የበራው።

ሳንረሳው፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ኦቲዝምን በሦስት ወር እናድናለን» የሚሉ እየበዙ ነው። ሽሮፕ፣ ቅጠል፣ ጠብታ ይሸጣሉ። ውጭ አገር ለልጆች ከበረኪና ጋር የሚመሳሰል ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚባል ኬሚካል እስከ ማጠጣት የደረሱ ነበሩ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። እናት ተስፋ ስትቆርጥ ምንም ትገዛለች፤ ሻጮቹም ይህንን ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ ለማንም አትላኩት። አዲስ አበባ ያላችሁ የልጆች የአእምሮ ጤና ክፍል የነበራቸውን የካቲት 12ንና ጳውሎስን ጠይቁ፤ ክፍለ ሀገር ያላችሁ ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አስጽፉ።

በየዓመቱ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን ይከበራል። ሰማያዊ ቲሸርት እናያለን፣ ፎቶ እናያለን። ለእናትየዋ ስለዚያ ቀን ስናነሳላት «ጥሩ ነው» ብላ አለፈችው። ለምን እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። እሷ የምታስበው አሥር ዓመት ወደፊት ነው። አሁን ልጁ ትንሽ ነው፤ ሲጮህ ሰው ይናደዳል ወይ ያዝናል። ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ጢም ሲያበቅል፣ ጉልበት ሲኖረው ያኔ ታክሲ ውስጥ ቢጮህ ሰው ይፈራዋል። የሚፈራ ሰው ደግሞ ይመታል። አቅፋ ልታረጋጋው አትችልም ይሆናል፤ እሷም ትደክማለች። «ያኔ ሰዉ ካልለመደው ማን ያድንልኛል?» ነው ያለችን። ይዛው የምትወጣው ለዚህ ነው። ቤት ብታስቀምጠው ይቀላት ነበር።

ታዲያ ታክሲ ውስጥ ብታገኟቸው ምን ታደርጋላችሁ? ጠየቅናት። ብዙ ነገር ትለናለች ብለን ነበር። መስኮት በኩል ያለውን ወንበር ልቀቁለት፤ ጥግ ሲይዝ ከሁለት በኩል አይነካም። አታፍጡበት። ራሱን ሲመታ መሃል እጃችሁን ወይ ጃኬት አስገቡለት እንጂ አትያዙት። ምክር አትስጡኝ። «ምን ልርዳሽ?» በሉኝ፣ አንዴ ብቻ። ሬዲዮውን አስቀንሱልኝ። በቃ።

የዚያን ቀን የተቀረጸው ቪዲዮ እስካሁን የት እንዳለ አናውቅም። ወይ ስልኩ ውስጥ ቀርቷል፣ ወይ አንዱ ግሩፕ ውስጥ ሳቅ ተጨምሮበት እየዞረ ነው። ልጁ ቢጫ ሹራብ ለብሷል፣ ራሱ ላይ ነጭ ነጠላ አለ። ከደረሳችሁ እናንተ ጋ ይቁም። የላከላችሁንም ሰው እንዲያጠፋው ንገሩት።